ሥራ እስኪያገኙ ሃያ አራት ዓመት የሠሩት ቦርሳ ሰፊ

ዛሬ የምንሸኛቸው ቦርሳ ሰፊ የካቲት 9 ቀን 1970 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የተወለዱት በሰባት ወራቸው ነው። እናታቸው ለመጠየቅ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ልብስ እንዳትገዙላት፣ አትሰነብትም» እያለች መለሰች። ሰነበቱ። እናታቸው ስለ እሳቸው ከተሳሳተቻቸው ነገሮች ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻው ግን አልሆነም።

የመዝገብ ስማቸው በዚህ ጽሑፍ ሽፋን፣ ከፎቶግራፋቸው ሥር አለ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን «ዚፕ» በሚለው ስም ነው። ዕድሜ ሲጨምሩ «እትዬ ዚፕ» ሆኑ።

ይህን የጻፈችው እናታቸው ናት። እናት ልጇን «እሳቸው» እያለች መጻፏ የሚገርመው ሰው ካለ ይገረም። በሕይወት ሳሉ ብዙ ሰው ክብር ነፍጓቸዋል፤ ዛሬ ቢበዛላቸው ማንንም አይጎዳም።

በደንቡ ከልደት ወደ ትምህርት ማለፍ ነበረብን። ነገር ግን አንድ ነገር መቅደም አለበት። ከትናንት በስቲያ፣ አስከሬናቸው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ አጎታቸው የስፌት መኪና ገዢ ይዘው ወደ ስፌት ቤቱ ሄዱ። ሰውየው ሰባቱን መኪናዎች አንድ በአንድ እያንኳኳ፣ እያጎነበሰ ሆዳቸውን አየ። ዘጠኙ ሴት ሠራተኞች ጥቁር ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ከመካከላቸው ቆራጯ፣ በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ የቆረጠችው፣ መቀሷን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በኪሷ ከተተች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። አጎትየው ከዚያ ወደ ለቅሶው ቤት ተመልሰው፣ ሰፊዋ ከሌለች ስፌት ቤት ምን ይሠራል፣ ሳይዝግ ይሸጥና ለልጆቹ ይሁን አሉ። የሟቿ ባለቤት «እማማ ያሉት ይሁን» ብለው አንገታቸውን ደፉ። አጎትየው ደስ አላቸው። ምክንያቱም እናቲቱ ያን ስፌት ቤት ስትራገም ሃያ አራት ዓመት እንደኖረች ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ለገዢው ማክሰኞ ና ብለውታል።

እናታቸው መልሴን እሰጣለሁ ብላ እስከ ዛሬ አቆይታለች። ከቀብር በኋላ ሰው ስለሚበተን መልሱ እዚሁ ይነበባል። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚሸጥ ለማያውቁት ማስረዳት ያስፈልጋል።

ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሰባት ዓመታቸው ጀመሩ። አምስተኛ ክፍል ሳሉ የአንዲት ጓደኛቸው ቦርሳ ዚፕ ነክሶ እምቢ ሲል፣ ጥርሱን በሻማ ፍርፋሪ አሽተው፣ በመርፌ ቁልፍ ጎትተው ከፈቱት። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለነበር መምህርቷ ሻማውን ነጥቀው ጥግ አስቆሟቸው። በሳምንቱ መምህርቷ የራሳቸውን ቦርሳ በሰው እጅ ላኩላቸው። ይቅርታ ግን አልላኩም።

አባታቸው በ1986 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ስለ ነገ የምታስበው እናታቸው ብቻዋን ሆነች፤ የእርሷ ሐሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ገደል ያዘነብላል። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲያጠናቅቁ የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ እንዲማሩ የመረጠችው እርሷ ናት። ቢሮ ጣሪያ አለው፣ ቢሮ በር አለው፣ ከቢሮ ሰው ዝም ብሎ አያባርርሽም አለቻቸው። እሳቸውም የእናት ቃል ብለው ተማሩ። በ1992 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። ከዚያም ሦስት ወር ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነቡ ከረሙ።

በጥቅምት 1993 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት ፈተና ጠራ። መቶ አርባ ሰው በግቢው ተሰልፎ ሳለ፣ ከፊታቸው የቆመች ተፈታኝ የሰነድ ቦርሳዋ ዚፕ ተቀርቅሮ ዲፕሎማዋ ውስጥ ቀረባት። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ከጸጉራቸው ማስያዣ ነቅለው፣ ጎንበስ ብለው ከፈቱላት። ከኋላ አንዱ «እስቲ የኔንም» አለ። ሌላዋም ጃኬቷን አወለቀች። የእሳቸው ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። አልሰሙም፤ የሰው ዚፕ በጥርሳቸው ይዘው ነበር። በሩ ተዘጋ።

ቤት ሲገቡ እናታቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ፈተናው እንዴት ነው?»

«አለፈ» አሉ፤ ጫማቸውን እያወለቁ።

ፈተናው አመለጠኝ ማለታቸው ነበር። እናታቸው አለፍኩ ያሉ መስሏት እልልታዋን ለቀቀችው። ነገሩ እስኪጣራ ሦስት ቤት ደርሷል። በማግስቱ ያን ሁሉ ደጅ ዞሮ ማስተባበል የእናት ዕጣ ሆነ፤ ደስታ ከመናገር ማስተባበል እንደሚከብድ ያን ቀን ተማረች። ታዲያ ጎረቤት «አሁን ምን ልትሠራ ነው?» ሲላት፣ ለሐፍረቷ መሸፈኛ አንድ ቃል አገኘች። ልጅቷ ዚፕ መጠገን ልትጀምር ነው፣ ግን «ሥራ እስክታገኝ ነው» አለች።

ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ከእናት አፍ የወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ሆነ።

ሥራቸውን የጀመሩት በገበያው መግቢያ በሚሠሩ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ አግዳሚ ወንበር ግማሽ ላይ ነው። የነበራቸው አንድ ፒንሳ፣ አንድ መርፌ፣ የሻማ ቁራጭና በቆርቆሮ የተሞሉ የዚፕ ራሶች ብቻ ነበሩ። እናታቸው ሄዳ አዛውንቱን፣ ልጄን ወደ ቤት መልሱልኝ ብላ ለመነቻቸው። አዛውንቱ በአፋቸው የያዙትን ሚስማር አውጥተው «እመቤቴ፣ ሰው ችኩል ሆኖ ሳለ ዚፕ ያለ ሥራ ያሳድራታል ብለሽ ነው?» አሏት። እናታቸው ቀልድ መስሏት ተቆጣች። የንግድ ትምህርት እንደነበር የገባት በጣም ዘግይቶ ነው።

ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ከሠሩ በኋላ ከአንድ ደረጃ ሥር የምትገኝ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ፈቃድ ለማውጣት ሄዱ። መዝጋቢው ቅጹን እየሞላ «ቀጣሪሽ ማን ነው?» አላቸው። እኔ ነኝ አሉት። «ተቀጣሪዋስ?» እሷም እኔ ነኝ አሉት። ሰውየው ይህ ሳጥን ባዶ መሆን ስለማይችል ከቀጣሪሽ ደብዳቤ አምጪ ብሎ መለሳቸው። ቤት ገቡና፣ በተማሩት የጽሕፈት ሙያ፣ ራሳቸው ለራሳቸው «ታታሪና ጨዋ ሠራተኛ መሆንዎን እየገለጽን» የሚል ደብዳቤ ጽፈው ፈረሙበት። መዝጋቢው ደብዳቤውን አንብቦ ማኅተም መታበት። እናታቸው ለሳምንት እንቅልፍ አጣች፤ ፖሊስ ይመጣል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ዲፕሎማቸው የጠቀማቸው ያን አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ ለሰው ሲያጫውቱ ኖሩ። ሰው ይስቃል። ማሳቁስ ያስቃል። ነገር ግን በሁለት እግሯ ቆማ ከፊቱ ያለችን ሠራተኛ አላይም ብሎ፣ ወረቀት ላይ ስትሆን ብቻ የሚያያት መሥሪያ ቤት ቀልድ አይደለም።

በ1996 ዓ.ም. ከአሁኑ ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። የተዋወቁት በጃኬት ነው። አንድ ጃኬት በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ዚፑ ተበላሽቶ ሲመጣ እሳቸው አገላብጠው አዩትና «ወንድሜ፣ ዚፑ ደህና ነው፤ የማትዘጋው አንተ ነህ» አሏቸው። የሙሽራው ቤተሰብ ለትውውቅ ሲመጣ አክስታቸው የልጅቷ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እናታቸው «ለጊዜው እንዲሁ በእጇ... ሥራ እስክታገኝ» አለች። ሙሽሪት ሰምተዋል። በኋላ ወጥ ቤት ለብቻቸው ሲሆኑ፣ «እማዬ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ እኮ» ብቻ አሉ። በዚህ ትዳር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ዚፕ ከመጠገን ወደ ቦርሳ መሥራት የተሸጋገሩት በ1997 ዓ.ም. ነው። ሲጠግኑ ያስተዋሉት፣ ዚፕ በራሱ ጥፋት እንደማይበላሽ ነው። ጨርቁ ሲሳሳ፣ ገበሩ ሲጠብ፣ ሸክሙ ሁሉ ዚፑ ላይ ይወድቃል። አንድ አሮጌ የተማሪ ቦርሳ ስፌቱን በምላጭ ተርትረው፣ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘርግተው ተማሩበት። አሥራ ሁለት የተማሪ ቦርሳ ሠርተው ለጎረቤት ሸጡ። በሁለተኛው ሳምንት የሁለቱ ማንገቻ ተበጠሰ። እሳቸው የአሥራ ሁለቱንም ቤት እያንኳኩ ቦርሳዎቹን መሰብሰብ ያዙ። እናታቸው፣ ያልጠራሽ ሰው ደጅ ሄደሽ ጉድሽን ለምን ታወጪያለሽ ብላ እጃቸውን ይዛ ለመነቻቸው።

«እማዬ፣ የተበጠሰው ሁለት ነው። የሚበጠሰው ግን አሥራ ሁለት ነው» አሏት።

ማንገቻውን በሁለት ፊት ደርበው፣ በመስቀለኛ ስፌት አራት ጊዜ ተመላልሰውበት መለሱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእጃቸው የወጣ ቦርሳ ማንገቻ ተበጥሶ የመጣ የለም። አለ የሚል ካለ ይናገር።

ቦርሳው እየታወቀ ሲሄድ ወደ ሰፊ ክፍል ተዛወሩ፤ አራት ሴቶች ቀጠሩ። በ2000 ዓ.ም. የአንድ ትልቅ መደብር ባለቤት መጥተው በብዛት አሠራሻለሁ አሉና ሦስት ቦርሳ ለናሙና ወሰዱ። አራቱ ሴቶች ያን ሳምንት እየዘፈኑ ሰፉ። ሁለት ወር ዝም ተባለ። ከዚያ የመደብሩ መስኮት ላይ ያ ቦርሳ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ተደርድሮ ታየ። መስቀለኛው ስፌት አለ። የሚገርመው የግራ ኪሱም አለ። የእሳቸው መቁረጫ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር የግራው ኪስ ሁልጊዜ ትንሽ ይጣመም ነበር፤ በመስኮቱ ያሉት ቦርሳዎች ሁሉ የግራ ኪሳቸው ተጣሟል። መስኮቱ ፊት ቆመው ብዙ አዩና፣ «ጠረጴዛዬን ሳይቀር ሰርቆኛል» አሉ። ሳቁም። እናታቸው ግን አልሳቀችም፤ ዛሬም አትስቅም። እኒያ የመደብር ባለቤት ከትናንት ወዲያ ለቅሶ መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው «ታላቅ ሠራተኛ አጣን» ሲሉ ነበር። ማጣትስ የሚያውቁት ሌሎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ደረቀ። ሴቶቹ ባዶ መኪና ፊት ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። አሁን የሚነገረውን እናታቸው በፈቃዷ አስገብታዋለች፤ ቤተሰቡ «ይቅር፣ አይጻፍ» ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን በልጇ ስም፣ በልጇ ዲፕሎማ፣ የልጇን ፊርማ ፈርማ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ አስገብታ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እርሷ ልጇን ከመመንጠር ማዳኗ መስሏታል። «ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ስለተመረጡ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲቀርቡ» የሚል ደብዳቤ መጣ። እሳቸው ደብዳቤውን በስፌት ቤቱ ውስጥ፣ አራቱ ሴቶች ባሉበት አነበቡት። አንዷ መርፌዋን ከጨርቁ ነቅላ በደረቷ ሰካች፤ ዕቃዋን ልትሰበስብ እንደሆነ ሁሉም ገባው።

ማታ በእራት ሰዓት እናታቸውን አዩና «ፊርማዬን አሳምረሽ ነው የፈረምሽው። ከኔ ይሻላል» አሏት።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለች እናታቸው።

«አውቃለሁ። ለእነሱስ ማን ይፈርምላቸው?»

በአሥረኛው ቀን ለብሰው ወጡ። እናታቸው ሸሚዛቸውን ራሷ ተኩሳ ነበር። እሳቸው የሄዱት ግን ሥራውን አልፈልግም ለማለት ነው፤ ቦታውን ለሌላ ሥራ ፈላጊ እንዲለቁት በአካል ነግረው፣ ፈርመው ወጡ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አንድ ደብዳቤ አዳይ የቦርሳውን ማንገቻ በሲባጎ አስሮ፣ አንዱን ጎን በክንዱ ደግፎ ሲያልፍ አዩት። አስቆሙት። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ማንገቻውን ሰፉለት። አለቃው መጥቶ ስፌቱን አየ። የሠላሳ ደብዳቤ አዳዮችን ቦርሳ ሥራ ተቀብለው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ «ዕድለኛ ናት፣ ሥራ እምቢ ልትል ሄዳ ሥራ ይዛ መጣች» ይላል። በለቅሶው ቤት እንኳ ሦስት ጊዜ ተነግሯል። እናታቸው ይህን ቃል ከዛሬ በኋላ መስማት አትፈልግም። በዚያ በር በየቀኑ ስንት ሰው ይገባል፣ ይወጣል? ያን ሲባጎ ያየው ማን ነው? ሰባት ዓመት የሰውን ቦርሳ ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች ናቸው ያዩት። መንገድ ላይ ሲሄዱ የሰው ፊት አያዩም ነበር፤ ቦርሳውን ነው የሚያዩት። ዘመድ በዚህ ይቀየማቸው ነበር፤ ሰላም ሳትለን አለፈች እያለ። ዕድል የሚባለው ይህ ከሆነ ዕድል በጣም ያደክማል።

ከዚያ ወዲህ ያለው አሥራ ሰባት ዓመት ለመጻፍ የማይመች ነው፤ ምክንያቱም በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር። በሁለት ሰዓት ይከፍታሉ። ኪራይ ይጨምራል። ሸራ ከገበያ ይጠፋል። መብራት ይሄዳል፤ በእግር ይረግጣሉ። የሠለጠነች ሰፊ ትወጣና ማዶ የራሷን ትከፍታለች፤ እሳቸው ተከትለዋት ሄደው መኪናዋን ያስተካክሉላታል። ልጆቻቸው የቤት ሥራቸውን የሠሩት በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። አንድ ቀን ልጃቸው፣ እማዬ ፈቃድ ወስደሽ ትምህርት ቤት ነይ ስትላቸው፣ «ማንን ልጠይቅ? አለቃዬ ክፉ ናት» ብለው አሳቋት። ግን አልሄዱም። ልጅቷ ይህንም ጻፊ ብላለች፤ ተጽፏል።

በ2012 ዓ.ም. ሥራ ለሚጀምሩ ወጣቶች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ተጋብዘው ነበር። ከመድረኩ በላይ «የስኬት ምስጢር» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። እሳቸው ስለ አሥራ ሁለቱ ማንገቻዎች አወሩ። አዘጋጁ ስለ ድፍረትዎ ይንገሩን ብሎ ቢያቋርጣቸው እንዲህ አሉ፤ «ድፍረት አልነበረኝም። ሲጀመር ሰው የሚገባው ስላላወቀ ነው፤ ብናውቅ ማናችንም አንጀምርም። ከባዱ ሁለተኛው ቀን ነው። ሁለተኛው ቀን እያወቅሽ ትከፍቻለሽ። እኔ እስካሁን ያለሁት በሁለተኛው ቀን ላይ ነው።» ከዚያ በኋላ አልተጋበዙም። እናታቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሰምታለች። ስትወጣም አጠገቧ የነበረች ሴት ልጅሽ ናት ወይ ስትላት አዎ ብላ፣ በዚያው ትንፋሽ «አሁንም ደህና ሥራ ብታገኝ ጥሩ ነበር» አለች።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀርባቸውን ይቆረጥማቸው ጀመር። መኪና ላይ ያጎነበሰ ሁሉ ጀርባውን ስለሚያመው ማንም አልደነገጠም፤ እሳቸው ትራስ አስደገፉ። እናታቸው ብቻ ደነገጠች፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትደነግጥ ስለኖረች የሚሰማት አልነበረም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእርሷ ነው። በየቀኑ የሚጮህ ደወል እሳት ሲነሳም ማንንም አያነቃም። በነሐሴ ሆስፒታል ሲገቡ ኩላሊታቸው እንደደከመ ተነገረ።

የካርድ ክፍሉን ጉዳይ የፈጸመችው እናታቸው ናት። መዝጋቢው በመስኮቱ በኩል ቀና ሳይል ዕድሜ ጠየቀ፣ አድራሻ ጠየቀ። «ሥራ?» አለ። እናታቸው አፏ በለመደው «ለጊዜው እንዲሁ በግሏ...» ብላ ሳትጨርስ «የለም» ብሎ ጻፈ። ዘጠኝ ሰው የምታሳድር ናት አላለችም። ሰባት መኪና አላት አላለችም። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ካርዱን ተቀብላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ካርዱን አነሱና አነበቡት። ከዚያ ፈገግ ብለው እናታቸውን አዩና፣ «እማዬ፣ እስካሁን አላገኘሁም ማለት ነው?» አሏት።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ተነስታ ወደ ካርድ ክፍሉ ሄዳ ይስተካከልልኝ አለች። ከቀጣሪዋ ደብዳቤ ያምጡ ተባለች። ቀጣሪዋ አልጋ ላይ ናት ብላ ብታስረዳ የሚገባው ሰው አጣች፤ የታመመ እጅ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ለመጠየቅም አንደበቷ እምቢ አላት። ካርዱ እንደነበረ ቀረ። ከካርዱ ወደ ሞት መዝገቡ ተገለበጠ። ዛሬ በመንግሥት መዝገብ፣ በማኅተም የተረጋገጠው፣ ይህች ሰው ሥራ ሳይኖራት እንደሞተች ነው።

ሐሰት ነው። እናታቸው «ሥራ እስክታገኝ» ያለችውን ቃል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትሽረዋለች። ሥራ ነበራቸው። ሃያ አራት ዓመት ሥራ ነበራቸው። ባይኖራቸው ኖሮ እዚህ ከቆምነው ስንቶቻችን ልጆቻችንን በባዶ ትከሻ ትምህርት ቤት እንልክ ነበር? «ሥራ እስክታገኝ» እያሉ ያሾፉ ዘመዶች ልጃቸው ተመርቆ ቁጭ ሲልባቸው ወደማን ነበር የሚልኩት? «እስቲ ለጊዜው አንቺ ጋ ትቀመጥ» እያሉ ወደ እሳቸው አልነበረም? ሰው በገዛ እጁ ያቆመውን ቤት ሥራ አይደለም ብሎ፣ ቤቱ ውስጥ ሥራ መለመን ከየት የመጣ ነውር ነው? ከሁሉ የከፋው ግን ነገሩን ያስጀመረችው ወልዳ ያሳደገቻቸው መሆኗ ነው። እርሷ በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ አትጠይቅም፤ ይቅርታ የምትጠየቀው የለችም።

ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ሐሙስ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ሰዓት ስፌት ቤቱ ተከፍቶ፣ ሰባቱም መኪናዎች እየሠሩ ነበር። እንዲዘጋ አላዘዙም ነበርና።

ባለቤታቸውን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸውን፣ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጃቸውን፣ እናታቸውንና አጎታቸውን ትተው አልፈዋል። በዚህ ዝርዝር ዘጠኙን ሠራተኞች የሚያስገባ ደንብ የለም ተብሎ ነበር። ገብተዋል።

አሁን የእናታቸው መልስ ይነበባል።

መኪናዎቹ አይሸጡም። ትናንት ጠዋት ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ተጠይቀው ተስማምተዋል። ስፌት ቤቱን ቆራጯ ትመራዋለች፤ ስትጠየቅ ሁለት ጊዜ እምቢ ብላ በሦስተኛው መቀሷን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ማክሰኞ ና የተባለው ገዢ እንዳይመጣ አጎታቸው ራሳቸው ቢነግሩት ይሻላል።

እናታቸው ይህ ነገር ይሳካል ብላ አታምንም። አከራዩ ሰፊዋ መሞታቸውን ሲሰማ ኪራይ ይጨምራል። ደንበኛ ይሸሻል። ቆራጯ ዓይኗ እየደከመ ነው። የዚህ ዓመት ዝናብ ጣሪያውን የሚተው አይመስልም። ከዚህ የሚብስም አስባ ጨርሳለች፤ ክፉ ነገር በማሰብ የሚቀድማት ሰው እንደሌለ ዘመድ ሁሉ ይመሰክራል። ያን ሁሉ አውቃ ነው አይሸጥም ያለችው። መስፋት አትችልም፤ የተሰፋውን ክር መልቀም ግን ትችላለችና ለዚያ አንድ ወንበር ጠይቃ ተፈቅዶላታል።

ስለዚህ ስፌት ቤቱ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይከፈታል። ለጥገና ቦርሳ የሰጣችሁ ደንበኞች ቦርሳችሁ አልጠፋም፤ ስማችሁ ተጽፎ መደርደሪያው ላይ ነው። መጥታችሁ ውሰዱ። ያላለቀላችሁ ተቀምጣችሁ ጠብቁ፣ ይሠራላችኋል።

በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ለደከማችሁ፣ ዛሬም ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የሰው ድካም የማይጠፋበት ፈጣሪ የቦርሳ ሰፊዋን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። ለእጆቻቸው ዕረፍት ይስጥልን። ለእኛ ለቀረነው ግን ዕረፍቱን ያቆይልን፤ ገና ሥራ አለብን።